ከሻርክ ጀርባ የመጣ ክታብ

የግንቦት ልደታ ንፍሮ ውጭ ተቀቅሎ ውጭ ይበላል፤ ቤት አይገባም። ይህን ደንብ ኮንዶሚኒየም እንኳ አልሻረውም። ድሮ ጌጃ ሰፈር ሳለን ከዛፍ ሥር፣ ዛፍ ያላደለው ደግሞ ከቦይ ዳር ጉልቻ ተክሎ ይጥደው የነበረውን ብረት ድስት፣ አሁን የብሎካችን ሴቶች መኪና ማቆሚያው ላይ ይጥዱታል። ዘንድሮም አንዱ ጎረምሳ መኪናዬን አላነሳም ብሎ ትንሽ ጭቅጭቅ ተነሣና፣ ስንዴና ሽምብራው መኪናው አፍንጫ ሥር ሲንተከተክ ዋለ። እኔም ወንበሬን ይዤ ከሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ። አምሮኝ አይደለም። ባለቤቴ እሌኒ በሕይወት ሳለች በየዓመቱ እጄን ይዛ ታወርደኝ ስለነበር እግሬ ለምዶ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ብዙውን ነገር የማደርገው እንዲሁ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እበላለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ። ልጄ ከሐዋሳ እየደወለች «አባዬ፣ ደኅና ነህ?» ትለኛለች፤ «ደኅና ነኝ» እላታለሁ። አዝነሃል ወይ ብትለኝ አላዘንኩም፤ ደስ ብሎሃል ወይ ብትለኝም አላለኝም። እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ መርገጡን ይረግጣል።

በብሎኩ ውስጥ ስሜ «ጋሽ ሻርኩ» ነው። ተፈራ መባሌን የሚያውቁት የዕድራችን ጸሐፊና ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው። ስሙን ያወጣችልኝ እሌኒ ናት፤ ለጎረቤት ሁሉ «የኔ ሻርክ» እያለች ታሾፍብኝ ስለነበር ልጆቹ ከአፏ ቀለቡት። ባሕር በሌላት አገር፣ ያውም ልደታ ፍርድ ቤቱ ጀርባ ተቀምጦ፣ የወጣትነት ዕድሜውን በሻርክ ጥናት የጨረሰ ሰው ቢሾፍበት አይገርምም። ሌላም የምታሾፍበት ነበራት። ልብስ ልታሰጣ ስትል «ይዘንባል ወይ?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደመናውን አይቼ «እንጃ፣ ማስረጃ የለኝም» እላለሁ። «እንግዲህ እኔንም የምትወደኝ ማስረጃ ሲገኝ ነው» ትል ነበር። የሥራ ጠባይ ነው። ያላየሁትንና ያልለካሁትን ነገር አፌን ሞልቼ መናገር አይሆንልኝም።

ንፍሮውን ያቀረበችልኝ ሰሚራ ነበረች። ምድር ቤቱን ከተከራዩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ባሏ ጀማል ጌጃ ሰፈር የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል፤ እናቱ ወይዘሮ ዘሃራም አብረዋቸው ይኖራሉ። ሙስሊሞች ናቸው፤ ግን «የጉርብትና ንፍሮ ምን ሃይማኖት አለው» ብለው ሁሉም ወጥተው ተቀምጠዋል። ሰሚራ ሆዷ ገፍቷል። ሳህኑን ልትሰጠኝ ጎንበስ ስትል ከሻርፗ ሥር በጥቁር ክር የታሰረ የቆዳ ክታብ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ቆዳው አርጅቶ አንዱ ጫፉ ተተርትሯል፤ ከተተረተረው በኩል ጥፍር የምታህል ቢጫ ላስቲክ ብቅ ብላለች። ሳህኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያን ቢጫ አውቀዋለሁ። ደፍራሽ ውኃ ውስጥ ከሩቅ እንዲታይ ብዬ ከቀለም ሁሉ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በሕይወት ባለች ሻርክ ጀርባ ላይ፣ ከክንፏ ሥር፣ በመርፌ የምንሰካው ምልክት ነበር። ስንቱን ሰክተን አንዱም ሳይመለስልን የቀረ ምልክት።

ጌጃ ሰፈር ተወልጄ፣ ከልደታ ማርያም እስከ ጠመንጃ ያዥ ጨርቅ ኳስ እየተራገጥኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ውኃ ማለት ለኔ ክረምት ሲገባ የሚሞላው ቦይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ምደባ ሲወጣ ጓደኞቼን ጅማና ሐረር ሲደርሳቸው እኔን ቀይ ባሕር ዳር ያለ የዓሣ ምርምር ጣቢያ ደረሰኝ። ባሕሩ የኛ በነበረበት ጊዜ ነው። እናቴ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም?» ብላ አለቀሰች፤ በልቅሶዋ መሀል ግን ዳቦ ቆሎ እየቋጠረች ነበር። ቤልቦተም ሱሪዬን በስቲራ አስተኩሼ፣ ጎፈሬዬን አበጥሬ ተሳፈርኩ። አሰብ ስደርስ ሙቀቱ ጎፈሬውንም ሱሪውንም አንድ ላይ አሸነፋቸው። በሳምንቱ ተላጨሁ፤ ከዚያ በኋላ ልብሴ ሽርጥና ሸበጥ ሆነ። ከወደቡ ወረድ ብሎ አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ከነዳቦው የተጠበሰ ዓሣ በሃምሳ ሳንቲም፣ በረዶ የገባበት የሎሚ ጭማቂ በስሙኒ። የበረሃ አበል ስለሚታሰብልን እኛ ሀብታም ነበርን፤ ለሁሉም ጋባዥ። የሻይ ቤቱ ቴፕ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፤ ክሩ በሙቀት ስለተሳበ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፉ የመጣ ሰው ይመስል ነበር። ኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ እነዚያኑ ዘፈኖች በትክክለኛ ፍጥነታቸው ስሰማቸው ምን እንደሚያጣድፋቸው አልገባኝም። ዋና እንደማልችል የጣቢያው ሰዎች ያወቁት ከጀልባ የወደቅሁ ዕለት ነው።

ጣቢያው ሁለት ቆርቆሮ ቤት ነበር፤ አንዱ እንተኛበታለን፣ በሌላው ፎርማሊን ይሸታል። ከገበያ የምናገኛትን እያንዳንዷን ሻርክ እንለካለን፣ ሆዷን ከፍተን የበላችውን እናያለን፣ ከአከርካሪዋ አንድ ቁራጭ ወስደን እንደ ዛፍ ግንድ ያለውን ቀለበት በአጉሊ መነጽር እያየን ዕድሜዋን እንገምታለን። አጥንት የላትም፤ ሁለመናዋ እንደ ጆሯችን ጫፍ ያለ ነገር ነው። ሰው ሻርክ ሲባል ጥርሷን ብቻ ነው የሚያስበው፤ እኔን ግን እዚያ ያስቀረኝ ሌላ ነገር ነው። የምናጠናት ዓይነት እንቁላል አትጥልም፤ እንደ ሰው ታረግዛለች፣ ልጁም በእትብት ከእናቱ ጋር ተያይዞ ያድጋል። አዲስ የተወለደ ሻርክ ገልብጣችሁ ብታዩት ደረቱ ላይ እምብርት አለው። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት በአውራ ጣቴ ደጋግሜ ነካሁት፤ ገና አልሻረም ነበር። ያን ማታ ለእናቴ ደብዳቤ ስጽፍ ስለ ሙቀቱና ስለ ደመወዙ ከጻፍኩ በኋላ «እማዬ፣ ሻርክ እምብርት አለው» ብዬ ጨመርኩ። መልስ ስትልክ ስለ እሱ ምንም አላነሳችም፤ ሙቀቱ ጭንቅላቴን የነካኝ መስሏት ይሆናል።

ከአሰብ ራቅ ብሎ በጀልባ የሚደረስባት አንዲት ትንሽ ሰላጤ አለች። የዳርቻው ሰዎች ኾር ይሏታል። አፏ ላይ ነጭ የአሸዋ ምላስ ወጥቶባታል፤ ውስጧ ጥልቅ አይደለም፣ ዙሪያዋን በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ከቧታል። በተወሰኑት ወራት እዚያ የምናገኛቸው ግልገሎች ሁሉ እምብርታቸው ያልሻረ ነበር። እናቶቹ ሊወልዱ ይገባሉ፣ ወልደው ይወጣሉ። እኔ ታዲያ እናቶቹም እዚያው የተወለዱ ናቸው፣ ባሕሩን ሁሉ ዞረው ለመውለድ የተወለዱበት ይመለሳሉ የሚል ሐሳብ ያዘኝ። እውነት ከሆነ፣ ያቺ ሰላጤ ብትራቆት ሌላ ቦታ ያለችው ሻርክ መጥታ አትተካትም፤ የዚያ ወገን ሁሉ ያልቃል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ግልገሎቹን በመረብ እየያዝን፣ ቢጫ ምልክት እየሰካን መልሰን ለቀቅናቸው። ከሌሎች ሁለት ቦታዎችም ለቅቀናል፤ እንዳይምታታ የዚያችን ሰላጤ በ«ሀ» ፊደል፣ የሌሎቹን በ«ለ» እና በ«መ» ለየናቸው። ከፊደሉ ጎን ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር «ይህን ለምርምር ጣቢያው ያመጣ ካናቴራ ይሸለማል» የሚል ጽሑፍ። እንዴት ይጻፍ የሚለውን የወሰነው የአዲስ አበባው ቢሮ ነበር፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሁን ተባለ። በዚያ ዳርቻ ማንበብ የሚችል ሰው ቢኖር የሚያነበው ዓረብኛ ነው። ይህን ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። ካናቴራው ከነካርቶኑ መጣ፤ ደረቱ ላይ ሻርክ የተሣለበት፣ ሰማያዊ።

ሰላጤዋ በመውለጃው ወራት ለመረብ ትዘጋ ብዬ አመለከትኩ። የክንፍ ነጋዴዎች በጀልባ መምጣት ጀምረው ነበር፤ ክንፉ ባሕር ማዶ ለሾርባ ይፈለጋል፣ ሥጋው ግን ዋጋ የለውም። አዲስ አበባ ተጠርቼ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ሱፍ ለብሰው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ክፉዎች አልነበሩም። ሰብሳቢው «አንዲት ምልክት አምጣና እንዘጋዋለን» አሉኝ፤ «እዚያው ተወልዳ፣ አድጋ፣ አርግዛ እዚያው የተመለሰች አንዲት ብቻ። የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ።» ግልገሏ አድጋ ለመውለድ ከአሥር ዓመት በላይ እንደሚፈጅባት ነገርኳቸው። «እንግዲህ እሷም ትፍጠን» አሉ፤ ተሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በጀት ዓመቱ አለቀ፤ ሰላጤዋ አልተዘጋችም። ዓመቱ በዓመት ላይ ተተካ፤ አንድም ሰው ካናቴራ ብሎ አልመጣም። ካናቴራዎቹን እኛው ለበስናቸው፣ ኋላም ወለል ጠረግንባቸው። ከዚያም የሆነው ሁሉ ሆነ፤ ጣቢያው ተዘጋ፣ እኛም በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ልፋቴን ውኃ በላው።

ልደታ ስመለስ አባቴ ሞቷል፣ እናቴ አርጅታለች። ቢሮ ተመድቤ ስለ ሐይቅ ዓሣ ሪፖርት እጽፍ ጀመር። እሌኒን ያገኘኋት በዚያን ጊዜ ነው፤ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክለው በታይፕ ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዷ ነበረች። ቢጫ ሹራብ ትለብሳለች፤ ጣቶቿ ሲፈጥኑ ጉድ ነው። የውርስ ማመልከቻ ላስጽፍ ሄጄ ቃላቱን አስተካከልኩላት፤ «አንተ ጌታው፣ እዚህ ዳኛው እንጂ አስተማሪው አያስፈልግም» አለችኝ። ከሥራ ስትወጣ ውይይት ታክሲ ላይ ጠብቄ ስሙኒዋን ከፈልኩላት። እነዚያ የጭቃ ቤቶች፣ በየበሩ የተሰጣው በርበሬ፣ የልብስ ሰፊዎቹ የመኪና ድምፅ ዛሬ በኛ ብሎክ መሠረት ሥር ናቸው። አሁን መስኮቴን ስከፍት ባቡሩ በድልድዩ ላይ ሲያልፍ ነው የማየው። ሰው ሰፈርህ ፈርሶ ምን ተሰማህ ይለኛል፤ ዕቃ ስናግዝ ወገቤን አሞኝ ነበር እላለሁ። ሌላ የማስታውሰው የለም።

እንግዲህ ንፍሮውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሰሚራን «ልጄ፣ ይህ ያሰርሽው ከየት ነው?» አልኳት። ወደ አማቷ ዘወር አለች።

«የኔ ነበር ጋሽ ተፈራ» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ። «ለሷ ነው ያሰርኩላት። ሁለቴ ወርዶባታል፤ ይሄኛው እንዲቆይላት።» ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው «ብዙ ቆምሽ፤ ግቢና አረፍ በይ» አሏት። ሰሚራ ገባች።

«ከሻርክ ላይ የተገኘ አይደለም?» አልኩ።

ወይዘሮ ዘሃራ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እርስዎ በምን አወቁ?»

የማውቅበትን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና የራሳቸውን ጀመሩ። የአሰብ ልጅ መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ አባታቸው ከዚያች ኾር ዳር ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩ ግን ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ነጩን የአሸዋ ምላስ ሳልጠይቃቸው ጠሩት። «እኔም ሁለት ወርዶብኝ ነበር። በሦስተኛው ባሌ አባቴ ቤት ወሰደኝ። በዚያው ሰሞን ትልቅ ሴት ሻርክ መረብ ገባች፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ሆኗል። ጀርባዋ ላይ ይህ ተሰክቷል፣ ጽሑፍ አለበት። ሽማግሌዎቹ አገላብጠው አዩት፤ አላወቁትም። ይህን ሁሉ ልጅ ተሸክማ፣ ጽሑፍ ይዛ ከባሕር የመጣች፤ ይሄ ተራ ነገር አይደለም ተባለ። ቆዳ ተሰፍቶለት አንገቴ ላይ ዋለ። ጀማል ቆየልኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም። ከትንንሾቹም እየወጣ በየሕፃኑ አንገት ነበረ፤ ኾሩን ቢዞሩ ቢጫ ቢጫ ነው።»

የምጠብቃቸው ምልክቶች ሁሉ ሕፃናት አንገት ላይ ነበሩ ማለት ነው። መሳቅ የነበረብኝ ይመስለኛል፤ ወይ ማልቀስ። አንዱም አልመጣልኝም። «ልጆቿስ?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁ።

«የዓሣዋ? ሆዷ ሲከፈት ሁሉም ነበሩ። ይንቀሳቀሱ ነበር። አሸዋው ላይ ሞቱ፤ ምን ይደረጋል? ሥጋቸው ደረቀ፣ የእናቲቱ ክንፍ ለነጋዴ ተሸጠ።» አሉ። «ከዚያ ወዲያ እንደሷ ያለ ትልቅ ወደ ኾሩ ሲገባ እኔ አላየሁም።»

አሁን ከድንበር ማዶ ሆኖ ያቺን ሰላጤ የሚያጠና በረከት የሚባል ወጣት አለ። በስልክ ነው የማውቀው፤ የድሮ ጣቢያ ሠራተኞችን ስልክ እያፈላለገ ይደውላል። ሻርኮች የሚወልዱባቸው ሰላጤዎች እንዲከለሉ ጥናት እያቀረቡ ነው፤ ያቺ ሰላጤ ግን አሁን ባዶ ስለሆነች መካተቷ አጠራጥሯል። «ጋሼ፣ እዚያው ተወልዳ ለመውለድ የተመለሰች አንዲት የድሮ ሻርክ ብትገኝ እኮ ይበቃናል» ይለኛል። ከዚያ ኮሚቴ በኋላ አንድ ዕድሜ አልፎ ያው ጥያቄ ነው። ቢጫነቱ ብቻ አይበቃም፤ ከሌሎቹ ቦታዎች የለቀቅናቸውም ቢጫ ናቸው። ቆዳው ውስጥ ያለው ፊደል «ሀ» ከሆነ ግን ያቺ ሻርክ የዚያች ሰላጤ ልጅ ናት፤ እኔም ትክክል ነበርኩ። ይህንኑ ለወይዘሮ ዘሃራ አስረድቼ ቆዳውን ለአንድ አፍታ ፈትተን እንድናየው ለመንኳቸው።

«አይከፈትም» አሉ። አልተቆጡም። «ከተከፈተ ክታብ አይደለም። በሰላም ትገላገልና፣ ኢንሻአላህ፣ እኔው ፈትቼ ቤትዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ። ለርስዎ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ለኛ ምን ያደርግልናል?»

ለበረከት ነገርኩት። ልጁ ስልኩ ውስጥ ሊዘል ደረሰ። «ሁለት ስፌት ብቻ መቁረጥ እኮ ነው ጋሼ! መልሰው ይሰፉታል፤ ምን ይሆናል?» አለኝ። ላስቲክ ፅንስ እንደማያቆይ አውቃለሁ፤ ያስተማሩኝ ሳይንስ ነው። ቢሆንም «አይሆንም፤ እስክትወልድ እንጠብቃለን» አልኩት። ሰሚራ ሐምሌ ላይ ትደርሳለች፤ ሻርክን ያን ያህል የጠበቀ ሰው ሐምሌን መጠበቅ አያቅተውም።

ያን ሰሞን ሳላስበው ሰሚራን ማየት ለመድኩ። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካኗን ከቦቴው እያስሞላሁ በሯ ድረስ አደርስላታለሁ፤ እሷ «ጋሼ፣ ይተዉት፣ ጀማል ያመጣዋል» እያለች ትከተለኛለች። በረንዳ ላይ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ አጠገቧ ወንበር አደርጋለሁ። ስለ ሻርክ መስማት ትወዳለች።

«ስንት ወር ታረግዛለች?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ዓመት ገደማ።»

«ዓመት ሙሉ? ክረምትም በጋም? ወላሂ እኔ ነኝ ሻርክ» ብላ ሳቀች። እምብርት እንዳለው ስነግራት ግን አልሳቀችም፤ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «ወደ ተወለደችበት ተመልሳ የምትወልደው ለምን ይመስልዎታል?» አለች። አላውቅም አልኳት፤ በማሽተት ነው የሚሉ አሉ፣ የምድርን መግነጢስ ተከትላ ነው የሚሉም አሉ፤ በቂ ማስረጃ የለም። «እናቷ ቤት ስለሆነ ነዋ» አለች። «እኔም ቡታጅራ እናቴ ቤት ነበር የምሄደው። ሐኪሙ መንገድ አይሆንሽም አለኝ እንጂ።» እናቷ በየሳምንቱ ትደውልላታለች፤ ለአራስነቷ ቅቤው ተነጥሮ፣ በሶው ተፈጭቶ ተቀምጧል። ያን ዕለት ፎቅ ስወጣ ሐምሌን የምቆጥረው ለፊደሉ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እሌኒ ካረፈች ወዲህ አንድ ነገር ስጠብቅ የመጀመሪያዬ ነው። ደስታ አልለውም፤ ጠዋት ስነሣ ወደ ምድር ቤቱ ጆሮዬን መጣል ጀምሬ ነበር፣ ያ ብቻ ነው።

ሰኔ ሳይወጣ፣ ዝናብ ሲወርድ በዋለበት ቀን፣ ጀማል ሰሚራን ታክሲ ውስጥ አስገብቶ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ልጁ መንቀሳቀስ አቁሞባት ነበር። ወንድ ልጅ ነው፤ ሞቶ ተወለደ። በብሎኩ ሴቶች ዘንድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ተገብቶ ገንፎ የሚበላበት ነገር ነበር፤ አሁን ማንም ምን እንደሚባል አላወቀም። ላልኖረ ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ዕድርም አይጠራም። አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ሾርባ እየያዘች በሩን ቀስ ብላ ታንኳኳለች፤ «ነፍስሽ ተረፈ፣ ይኼው ይበቃል» ብላ ትወጣለች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ወይዘሮ ዘሃራ የኔን በር አንኳኩ። ከደረጃው የተነሣ ያለከልካሉ። ይግቡ ብላቸው አልገቡም። መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ ቆዳው ስፌቱ ተቀድዶ ባዶውን ነው፣ ቢጫው ለብቻው ወጥቷል።

«ይውሰዱት» አሉኝ። «አልሠራም።»

ለርስዎ ሠርቶ ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ያን እንዴት እላለሁ? ተቀበልኳቸው። ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በሳሙና ውኃ አጠብኩት፣ የእሌኒን የልብስ መርፌ ይዤ ከመስመሮቹ ውስጥ እድፉን አወጣሁ፣ መነጽሬን ደርቤ መስኮቱ ዳር ያዝኩት። ጽሑፉ ተፋቋል። ቁጥሩ ግማሹ ጠፍቷል። ፊደሉ ግን ጥልቅ ተደርጎ የታተመ ስለነበር ይነበባል። «ሀ» ነው። ትክክል ነበርኩ። ባሕሩን ሁሉ ዞራ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ፣ ለመውለድ የተወለደችበት ተመልሳለች። ይህን ጮክ ብዬ ለራሴ ተናገርኩት፤ ቤቱ ውስጥ ድምፄን ሰማሁት። ሌላ ምንም አልተሰማኝም። ፎቶ አንሥቼ ለበረከት ላክሁለት። ወዲያው ደወለ፤ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ «ጋሼ ይገባዎታል? ሰላጤዋ ትካተታለች እኮ! የኔ አባት፣ እንኳን ደስ አለዎት!» ይለኛል። እንኳን አብሮ ደስ አለን አልኩት፤ እንዲያ ነውና የሚባለው። ስልኩን ዘጋሁና ኮቴን ለበስኩ።

ምድር ቤት ስገባ ሰሚራ ፍራሽ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ጀማል ሱቅ መክፈት አቅቶት በር ላይ ቆሟል፤ ወይዘሮ ዘሃራ ከእግሯ ሥር ተቀምጠው ብርድ ልብሱን ያስተካክላሉ። አንዲት በርጩማ ሰጡኝ። እግዜር ያጽናሽ አልኳት። ብዙ ተቀመጥን። ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ ይመታል፤ ከፎቅ በኩል የሰው ቴሌቪዥን ይሰማል። ልነሣ ስል ሰሚራ ሳትዞር ተናገረች።

«ጋሼ፣ አነበቡት?»

«አነበብኩት።»

«እናቷ ቤት ነው የተመለሰችው?»

«አዎ ልጄ። እዚያው ነው የተወለደችው፤ እዚያው ተመለሰች።»

ፊቷን ወደኔ አዞረች። ዓይኗ አብጧል፣ አንገቷ ላይ ክሩ የነበረበት ቦታ ይታያል። «ወለደች?»

ወይዘሮ ዘሃራ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ወለደች» አልኩ። «በሰላም ወለደች።»

«ሁሉም ዋኙ?»

 ልመልስ ስል ወይዘሮ ዘሃራ ቀደሙኝ።

«ሁሉም» አሉ። «አባቴ ዳር ቆሞ አይቷል።»